ጥሬውና የተቀባባው

«ክፈቺልኝ» አለች እናቷ።

ባለሱቁ ሁለቱን ስልኮች በመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ገና እጁን አልሰበሰበም። እናቷ በቀኝ በኩል ያለውን አነሳች፤ አንዴ ከፊት አንዴ ከጀርባ አገላብጣ አየችው፤ በአውራ ጣቷ ጥቁሩን ስክሪን ሁለቴ ሦስቴ ነካካችው። ምንም የለም። ከዚያ ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ወደ ግራዋ ዘረጋችው። ልጇ ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ነው የምትቆመው።

ልጅቷ ተቀብላ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። ስክሪኑ ቦግ አለ።

«አየሽ? አትጫኚው እማዬ። ንኪው ብቻ።»

«ነካሁት እኮ።»

«ብትነኪውማ ይበራ ነበር።»

ይህን ምልልስ ስለለመዱት አንዳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እንደ በር መዘጋት ነው፤ ይሰማል፣ ያልፋል።

ልጅቷን የሰፈሩ ልጆች ቻርጀር ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች የወጣላት ስም የሚመስላቸው አሉ። እውነቱ ግን ሰው የሚፈልጋት ስልኩ እንቢ ሲለው ብቻ መሆኑ ነው። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ መምህር ድምፁ ጠፋብኝ ብለው ያስጠሯታል። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ የልጇን ፎቶ ሳታውቅ አጥፍታ እንባዋን እየጠረገች ትመጣለች። የግቢው ጥበቃ በየሳምንቱ የይለፍ ቁጥሩን ይረሳል። ሁሉም በር ላይ ቆመው «ቻርጀር አለች?» ይላሉ እንጂ ደህና ናት ወይ የሚል የለም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ትልና፣ ማንም ሳያያት፣ ለአምስት ደቂቃ ምንም አትሠራም።

እናቷ ብቻ በዚህ ስም ጠርታት አታውቅም። የምትጠራት «አንቺ» ብላ ነው፤ ደስ ያላት ቀን ደግሞ «እናትዬ»።

ባለሱቁ ጉንፋን የያዘው ወጣት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሃያ ጊዜ እንደተናገረው ሰው፣ እስትንፋሱን እየቆጠበ አስረዳቸው። ሁለቱም ስድስት ነጥብ ስምንት ኢንች ናቸው፤ በሱቁ ውስጥ ከእነሱ የሚበልጥ የለም። ባትሪያቸው እኩል ነው፣ ካሜራቸው ያው ነው፣ ዋጋቸውም አንድ ነው። የሚለያዩት በውስጣቸው ነው።

«ይሄ ጥሬ ነው» አለ የቀኙን በጣቱ ገፋ እያደረገ። «ሶፍትዌሩ እንደተፈጠረ ነው፤ ካምፓኒው አልነካካውም። ያኛውን ግን ቀባብቶታል። የራሱን መልክ፣ የራሱን ጌም፣ የራሱን ምናምን ሞልቶበታል። ወዶት የሚሞትም አለ፣ የሚያብድበትም አለ።»

«አንተ ብትሆን የቱን ትይዛለህ ልጄ?» አለች እናቷ።

«እኔማ እናቴ፣ የተሸጡ ቀን ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።»

እናቷ ሳቀች። ሳቋ ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ማዛጋት ተቀየረ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆማ ነው የዋለችው፤ ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። ባለሱቁ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በአገጩ አሳያቸው፦ ከሱቅ የወጣ ዕቃ አይመለስም። ስለዚህ ሳይቸኩሉ እንዲሞክሯቸው ነገራቸውና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

«እንግዲህ ምረጪ» አለች እናቷ። «ለእኔ ሁለቱም ትሪ ናቸው። ፊደሉ በትልቁ ይታየኝ እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ? አንቺ የወደድሽውን ያዢ። የምትኖሪበት አንቺ ነሽ።»

ይህን ብላ በሱቁ ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሁለት እጆቿን አጣጥፋ ጫነችበት። አንድ ደቂቃ አልቆየችም፤ ጭንቅላቷ ወደ ግድግዳው ዘመም አለ።

እናቷ የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ሐኪሞቹ ለቀዶ ጥገና የሚለብሱት አረንጓዴ ካባ በጋሪ እየተጫነ ይመጣል። ማሽኖች አሉ፤ ግን ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት እድፉ በእጅ መታሸት አለበት፤ በሙቅ ውሃና በበረኪና። ጓንት በወር አንድ ጥንድ ይሰጣል። በሁለተኛው ሳምንት ጣቱ ይቀደዳል፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ እጅ ነው። እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት።

የድሮውን ስልክ የገዙ ቀን ሁለቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የእናቷን የጣት አሻራ ሊያስመዘግቡ ሞክረው ነበር። ስልኩ ድገሚ አለ፤ ደገመች። ጣትሽን አድርቂ አለ፤ በቀሚሷ ጠረገች። አሥሩንም ጣቶቿን በየተራ ሞከሩ። በመጨረሻ አሻራ አልታወቀም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። እናቷ ጣቶቿን ወደ መብራቱ አንስታ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያገላበጠች አየቻቸው። «እንግዲያው እኔ የለሁማ!» ብላ ሳቀች። ቻርጀር የራሷን አሻራ አስመዘገበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ የእናት፣ ቁልፉ የልጅ ሆነ። ቁጥር አስገብቶ መክፈትም ይቻል ነበር፤ ግን እናቷ ስትነካው አንዱን ቁጥር ይዘላል፣ ሌላውን ይደግማል። ሰዓት ለማየት እንኳ ስልኳን ትታ መንገደኛ ትጠይቃለች።

ይህ ሁሉ ሥራው ውስጥ ስልክ እስኪገባ ድረስ ያስቃቸው ነበር። አሁን የማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ የፈረቃ ለውጥ የምትናገረው በስልክ ነው፤ በሠራተኞቹ የጋራ መልእክት ላይ ትለጥፈዋለች። ያየ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አይቻለሁ የሚል ምልክት መንካት አለበት። ካልነካ አልሰማም ተብሎ ፈረቃው ለሌላ ይሰጣል፤ እሱም ቀሪ ተብሎ ይጻፍበታል። እናቷ ሁለት ጊዜ ተጽፎባታል። ሦስተኛው ባለፈው ማክሰኞ ነው። መልእክቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ። ቻርጀር ያኔ ክፍል ውስጥ የቅጠል ክፍሎችን እየሣለች ነበር። እናቷ ማድረቂያው ማሽን ጀርባ ቆማ በእርጥብ እጇ ደጋግማ ሞከረች፤ ስልኩ ቁጥሩ ተሳስቷል እያለ በመጨረሻ ራሱን ቆለፈ። ስትጣደፍ አምልጧት ማለቅለቂያው ገንዳ ውስጥ ገባ።

ኃላፊዋ ጠርታ አልተቆጣቻትም። እሱ ነው እናቷን ያስፈራት። በቀስታ፣ እንደ እህት፣ አንድ ጊዜ ከደገመሽ ከቋሚዎቹ ዝርዝር አወጣሻለሁ፤ የኔ እጅ የለበትም፤ ሕጉ ነው አለቻት። እናቷ ማታ ሽንኩርት እየላጠች ይህን ስትናገር ድምፅዋ ደረቅ ነበር። ቻርጀርም ከደብተሯ ቀና ሳትል መለሰችላት፦

«ቀስ ብለሽ ብትነኪው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

እናቷ ሽንኩርቱን ጨርሳ ቢላዋውን አጠበችው።

አሁን ሱቁ ውስጥ ቻርጀር ሁለቱን ስልኮች ወደ ራሷ ሳበች። የቱን እንደምትመርጥ ከመምጣቷ በፊት ታውቃለች። በቤታቸው ሕግ ስልኩ ቀን የእናቷ ነው፤ ከእራት በኋላ የእሷ። የዓመቱ ትልቅ ፈተና ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ሁሉ ያሉት ስልክ ውስጥ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታወራው። ይህች ጓደኛ ኮማ ትባላለች፤ ወሬዋ አራት ነጥብ አያውቅም።

«የተቀባባውን እንዳታስቡት፣ ወንድሜ ገዝቶ አየው፣ ሒሳብ ማሽኑን ስትከፍቺ እንኳ የጫማ ማስታወቂያ ነው የሚመጣብሽ፣ አንድ ጥያቄ ሠርተሽ ሁለት ማስታወቂያ ታያለሽ፣ በዚያ ላይ ከወር በኋላ እንደ ሽማግሌ ማዝገም ይጀምራል፣ ጥሬውን ያዢ ብዬሻለሁ፣ በኋላ ኮማ አልነገረችኝም እንዳትዪ» ብላታለች።

ጥሬውን ከፈተች። ውስጡ ዕቃ ያልገባበት፣ ቀለሙ ገና የደረቀ ክፍል ይመስላል። ስልክ፣ መልእክት፣ ካሜራ፣ ሰዓት፣ ሌላም ጥቂት። የቀረው ባዶ ነው። ጣቷን ስታንሸራትት ምንም ሳይንቀጠቀጥ አብሯት ይሄዳል። ቤታቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ተዘርግቷል፤ ገመዱ ላይ ልብስ ተሰቅሏል፤ ከልብሱ ስር ሻንጣ፣ ከሻንጣው ላይ ድስት አለ። የእሷ ደብተሮች ያሉት መስኮቱ ደፍ ላይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሡት እነሱ ናቸው። ባዶውን ስክሪን ሳትፈልግ ትንሽ ረዘም አድርጋ አየችው።

የተቀባባውን ከፈተችው። ገበያ ነው። ሦስት ጌም፣ ሁለት የዕቃ መሸጫ፣ የዜና፣ የአየር ጠባይ፣ የኮከብ ቆጠራ፣ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ሐምራዊ ክብ። ገና ምንም ሳትነካ አንድ ሳጥን ከታች ብቅ ብሎ እንኳን ደህና መጣሽ፣ እዚህ ተመዝገቢ አላት። ዘጋችው። ሌላ መጣ። እሱንም ዘጋችው። ከአሁኑ ደከማት።

ለፍትሐዊነት ያህል የሁለቱንም ፊደል ወደ ትልቁ መጠን ለወጠችው። በሁለቱም እኩል ይታያል፤ የፈረቃ ዝርዝሩ በሁለቱም ይነበባል። እናቷ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነው። ትከሻዋ ቀለል አለ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ቀርቷታል። የአዲስ ስልክ አሻራ አንባቢ ምናልባት ይሻል ይሆናል። እናቷ ራሷ መክፈት ብትችል እኮ፣ «ክፈቺልኝ» የሚለው ቃል ከቤታቸው ይወጣ ነበር። ባለሱቁን በዓይኗ አስፈቅዳ ሁለቱን ስልኮች ይዛ ወደ አግዳሚው ሄደች።

እናቷ አፏን በትንሹ ከፍታ ተኝታለች። የሥራ ሽታዋ አብሯት ነው፤ በረኪናው ከቆዳዋ አይወጣም። ቻርጀር አጠገቧ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ቀስ ብላ ከቦርሳው ላይ አነሳች። እጁ ከባድ ነበር፤ የተኛ ሰው እጅ እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር። የጣቶቹ ጫፍ ነጣ ያሉና የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ መስመር የላቸውም፤ ነካ ስታደርጋቸው የደረቀ የሳሙና ቁራጭ ይመስላሉ።

መጀመሪያ በጥሬው አሻራውን ሞከረች። አልታወቀም። አልገረማትም።

ከዚያ ስክሪኑ ጠፋ። መልሳ ልታበራው ስትል የእናቷ ጣት ገና በእጇ ውስጥ ነበር። እንደ እስክሪብቶ ያዘችውና በእሱ ነካ አደረገችው። ቀስ ብላ። ሳትጫን። ለዓመታት ስትሰብክ እንደኖረችው።

አልበራም።

ትንሽ ቆይታ ደገመችው። በመሃል ጣት። በቀለበት ጣት። ስክሪኑን በሹራቧ እጅጌ ወልውላ እንደገና ሞከረች። በትንሿ ጣት አንድ ጊዜ በራ፤ ተመልሶ እንቢ አለ። በራሷ ጣት ነካችው፤ ቦግ አለ። በእናቷ ጣት ነካችው፤ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ፊቷ ብቻ በውስጡ ይታያል።

ብትነኪውማ ይበራ ነበር። አሁን፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ነው ይህን ያለችው። ማክሰኞ ማታም ብላዋለች። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደሆነ ልትቆጥር ጀምራ ተወችው።

በተቀባባውም ሞከረች። እሱም አልሰማም። ለአፍታ እፎይ ማለት ዳዳት፤ ሁለቱም ያው ናቸው ማለት ነዋ። ግን ስልክ ላይ ዝም ብሎ መጎርጎር ልማዷ ነው፤ እጇ ሳታዘው የተቀባባውን ማስተካከያዎች ከፍቶ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። የስክሪን ቀለም፣ የማስታወቂያ ምርጫ፣ የደወል ዓይነት፣ የጌም ፍጥነት። እዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አንድ መስመር አየች፦ በጓንት ለመንካት። አበራችው። ስክሪኑን አጠፋች። የእናቷን ጣት አሳረፈችበት።

በራ።

አጠፋችው። በአውራ ጣት። በራ። በሌባ ጣት። በራ። አምስቱንም በየተራ ሞከረች፤ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ እንደ አልጋው ጫፍ። አምስቱንም ሰማ።

ወደ ጥሬው ተመለሰች። ማስተካከያዎቹን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ አጭር ስለሆነ ደገመችው። የለም። ስልኮቹን አግዳሚው ላይ ትታ ወደ ባለሱቁ ሄዳ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህን ነገር በጥሬው ላይ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው።

ባለሱቁ አፍንጫውን እየጠረገ ራሱን ነቀነቀ። «የተቀባባው ላይ ያለው ካምፓኒው የጨመረው ነው። ይሄ ጥሬ ነው አልኩሽ እኮ እህቴ። ቆሻሻ የለውም፣ ጓዝም የለውም።» ከዚያ ጨምሮ ጠየቃት፦ «ለማን ነው? ጓንት የምታደርጊው አንቺ ነሽ?»

«አይ» አለችና ተመለሰች።

ተቀመጠች። የተቀባባውን አንስታ ያበራችውን መስመር መልሳ አጠፋችው። ለምን እንዳጠፋችው ለራሷም አልነገረችም። አሁን ሁለቱ ስልኮች እንደ መጀመሪያው ናቸው፤ ያየ የለም፤ እናቷ ተኝታለች፤ ባለሱቁ ባትሪ እያስመረጠ ነው። ውሸት የለበትም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። እናቷ ራሷ የወደድሽውን ያዢ ብላታለች። የፈረቃውንም ነገር እንደ ድሮው እሷ ታየዋለች፤ በእረፍት ሰዓት ወደ ሥራ ቦታው ሮጣ ትደርሳለች፤ ወይም ለኃላፊዋ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ወይም ሰባት ሳምንት ነው፣ ሰባት ሳምንት ምን አለው፣ ከፈተናው በኋላ ሌላ ዘዴ ይፈለጋል። ሐሳቦቹ በኮማ ድምፅ ነበር የሚመጡት፤ አራት ነጥብ አጡ።

የእናቷ እጅ ትታው እንደሄደችው አግዳሚው ላይ ነው። መልሳ ቦርሳው ላይ ልታስቀምጠው አነሳችው፤ ተኝታ ሳለች ጣቶቹ በራሳቸው እጥፍ አሉና እጇን ያዟት። ጥብቅ አድርገው አይደለም። እቃ እንደሚያዝ።

«ወሰንሽ?» አለ ባለሱቁ ከማዶ። በድምፁ እናቷ ነቃች።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች እንደተለመደው፣ ማንንም ሳትለይ።

«ዘጠኝ ተኩል» አለ ባለሱቁ።

«አይ እኔ! እንቅልፍ ወሰደኝ?» አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «የቱን ወደድሽ እናትዬ?»

«ጥሬውን።»

«በቃ እሱን ያዢዋ» አለችና ቦርሳዋን ከፍታ ለመነሳት ጉልበቷን ደገፍ አደረገች። ባለሱቁም የጥሬውን ካርቶን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ላስቲኩን ሊቀድ ጥፍሩን ጠርዙ ላይ አደረገ።

«ቆይ» አለች ቻርጀር። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ደክሞ ወጣ። «የወደድኩት እሱን ነው። የምንይዘው ያኛውን ነው።»

ባለሱቁ ጥፍሩን ሳያነሳ እናቲቱን አየ። እናቲቱ ልጇን አየች።

«ምን ሆነብሽ? ጓደኛሽ አትያዙት ብላለች ስትዪኝ አልነበር?»

«ብላለች።»

«ታዲያስ?»

ቻርጀር ስለ ጓንቱ መስመር፣ ስለ ቆዳው፣ ስክሪን ጣትን እንዴት እንደሚለይ ሊገለጽ የሚችለውን ሁሉ በልቧ አሰበችው። አንዱም አልወጣም።

«ነክተሽው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«የድሮውን ስልክ። ሁልጊዜ። ማክሰኞም። አንቺ በደንብ ነክተሽዋል፤ እሱ ነው ያልሰማሽ።»

እናቷ የቦርሳዋን ዚፕ ዘግታ መልሳ ከፈተችው። ከዚያ ወደ ባለሱቁ ዞረች።

«እኔማ ስናገር ማን ይሰማኛል» አለች፤ እንደ ቀልድ ነበር፤ ግን ስትጨርሰው ድምፅዋ ቀጠነ። «ያኛውን ስጠን ልጄ።»

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ መቀመጫው ሰፊ ነው፤ ከእነሱ ሌላ ሰው የለም። ቻርጀር ካርቶኑን ጭኗ ላይ ከፍታ ሥራዋን ጀመረች። መጀመሪያ የጓንቱን መስመር አበራች። ፊደሉን አተለቀች። ከዚያ ጌሞቹን አንድ በአንድ ማጥፋት ያዘች። የዕቃ መሸጫዎቹን አጠፋች። የኮከብ ቆጠራው ሊጠፋ አይችልም አላት፤ ሐምራዊው ክብም እንዲሁ፤ ሌሎች አራትም። እነሱን ወደ መጨረሻው ገጽ፣ ማንም ወደማይደርስበት፣ ገፍታ ደረደረቻቸው። ገና ስትጨርስ የጫማ ማስታወቂያ መጣ። ዘጋችው። ነገ ኮማ የምትለው ታወቃት፤ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ነው የምትለው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ይህን ጫማ እንደምታየውም ታወቃት። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች።

ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። «ያዢው፤ ልመጂው።»

እናቷ በሁለት እጇ ያዘችው። አውቶቡሱ ዘገየ። ፀሐዩ ከማዶው ግንብ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። እናቷ ጫማዋን በከፊል አውልቃ ተረከዟን አሳረፈች። ስክሪኑ ከጠፋ ቆይቷል።

«አይመጣም እንዴ ዛሬ» አለች እናቷ መንገዱን እያየች። ከዚያም ዞር ሳትል ስልኩን ወደ ግራዋ ዘረጋችው። «ክፈቺልኝ እስቲ፣ ሰዓቱን ልየው።»

የቻርጀር ቀኝ እጅ ለመቀበል ተነሣ። ግማሽ መንገድ ላይ ያዘችውና መለሰችው። ሁለት መዳፎቿን ከጭኖቿ ስር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።

«እጄን በርዶኛል» አለች። «አንቺ ክፈቺው።»

ስልኩ በአየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተመለሰ። ቻርጀር ፊቷን አውቶቡሱ ወደሚመጣበት አዞረች፤ መዳፎቿ በመቀመጫው እንጨት ላይ ሊደነዝዙ ጀምረዋል፤ አላወጣቻቸውም።

«አሥር ሰዓት ከሩብ» አለች እናቷ፣ ለራሷ ያህል።